ከዊንዶውስ 10 ወደ ሊኑክስ መሸጋገር፦ በምን ቅደም ተከተል ቢደረግ ይሻላል?

ጀማሪ

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እስከ ዛሬ ከዊንዶውስ ሌላ ስርዓተ ክወና ተጠቅሜ አላውቅም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል፤ የእኔ ላፕቶፕ ደግሞ የኢንቴል 7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ስላለው የዊንዶውስ 11ን መመዘኛ አያሟላም። ማሽኑ ግን 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ዲስክ ያለው፣ ሥራውንም ያለ እንከን የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ በሶፍትዌሩ ምክንያት ይጣል የሚለው ሐሳብ አልተዋጠልኝም።

ሥራዬ በአብዛኛው ሰነድ መጻፍ፣ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት፣ ፒዲኤፍ ማንበብና ብራውዘር መጠቀም ነው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም እጽፋለሁ። ስለ ሊኑክስ ባነበብኩ ቁጥር ግን ይበልጥ ግራ ተጋባሁ፤ አንዱ ኡቡንቱን፣ ሌላው ሚንትን፣ ሌላው ደግሞ ፌዶራን ይመክራል፤ ሁሉም የራሱ ምክንያት አለው። የትኛውን ልምረጥ? ፋይሎቼ ይጠፉብኝ ይሆን? ዊንዶውስን ሳላጠፋ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥስ ይሻል ይሆን? ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ሳልማር መጠቀም እችላለሁ?

ነባር ተጠቃሚ

ውድ ጀማሪ፣ ሰው ሁሉ በቅድሚያ የሚያነሣው «የትኛውን ልምረጥ?» የሚለውን ጥያቄ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከጠየቋቸው ሁሉ ክብደቱ የሚያንሰው እሱ ነው። ሊኑክስ ማለት በጠባቡ ትርጉም ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ከርነል፣ ማለትም በሃርድዌሩና በፕሮግራሞቹ መካከል ሆኖ ሁለቱን የሚያገናኘው የስርዓቱ እምብርት ነው። ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራና ዴቢያን ይህንኑ ከርነል ከልዩ ልዩ ፕሮግራሞች፣ ከየራሳቸው ገጽታና የማሻሻያ መርሐ ግብር ጋር አቀናጅተው የሚያቀርቡ ሥርጭቶች ናቸው። ብራውዘሩም ሆነ የጽሑፍ ማዘጋጃው በሁሉም ላይ ያው ነው። ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ሊኑክስ ሚንትን፣ ከሚንትም ሲናሞን የተባለውን እትም እመክራለሁ፤ የመነሻ ምናሌው፣ የተግባር አሞሌውና ሰዓቱ ዓይን በለመደው ቦታ ላይ ይገኛሉ። ሚንት 22 በኡቡንቱ 24.04 ላይ የተመሠረተ ሲሆን እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ማሻሻያ ያገኛል። ስለ ምርጫው ከዚህ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም።

ዋናው ነገር በርዕስዎ ላይ እንዳነሡት ቅደም ተከተሉ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ስርዓቱን ይቀይርና ከዚያ በኋላ ለየሥራው የሚሆን ፕሮግራም ፍለጋ ይወጣል። የጽሑፍ ማዘጋጃው፣ የፋይል መስኮቱ፣ ፕሮግራም የሚጫንበት መንገድና የቁልፍ ሰሌዳው ሁሉ በአንድ ቀን አብረው ስለሚለወጡበት አንድ ነገር እምቢ ሲለው ችግሩ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ያቅተዋል፤ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣበትም ወደ ዊንዶውስ ይመለሳል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ዊንዶውሱን እንዳለ ይተዉትና መጀመሪያ ፕሮግራሞቹን ይቀይሩ። የጽሑፍና የሠንጠረዥ ማዘጋጃው ሊብሬኦፊስ፣ ብራውዘሩ ፋየርፎክስ፣ የኢሜይል ፕሮግራሙ ተንደርበርድ፣ የፊልምና የሙዚቃ ማጫወቻው ቪኤልሲ፣ እንዲሁም የምስልና የሥዕል ማዘጋጃዎቹ ጊምፕና ኢንክስኬፕ በሁለቱም ስርዓቶች ላይ ይሠራሉ። ዛሬውኑ በዊንዶውስዎ ላይ ይጫኗቸውና የዕለት ተዕለት ሥራዎን በእነሱ ይሥሩ። የለመዱት ፕሮግራም ጎን ስላለ፣ አንድ ሰነድ በሊብሬኦፊስ ሲከፈት ቢዛነፍብዎ ያለ ድንጋጤ ማወዳደር ይችላሉ።

በዚህ መካከል የሚጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ በወረቀት ይመዝግቡ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፍቱትንም ቢሆን አይለፉት። በብዛት ሰውን መንገድ ላይ የሚያስቀረው በየቀኑ የሚሠራበት ፕሮግራም ሳይሆን አልፎ አልፎ የሚያስፈልገውና ምትክ የሌለው ነው። ማይክሮሶፍት ኦፊስና ፎቶሾፕ በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው እትማቸው ለሊኑክስ አልተዘጋጀም። በመዝገብዎ ላይ ያለ አንዳች ምትክ የሚቀር ፕሮግራም ካለ አሁን ማወቅዎ ይሻላል፤ ያን ጊዜ «ልሸጋገር ወይስ አልሸጋገር» የሚለው ጥያቄ ራሱ ሌላ መልክ ይይዛል።

በነገራችን ላይ የጊዜ ጥድፊያ እንዳይሰማዎት፤ ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች ባዘጋጀው የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ መመዝገብ ይቻላል። ይህም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2026) ድረስ ያገለግላል። ለዝግጅት በቂ ጊዜ ነው።

ጥገና ሠራተኛ

ነባር ተጠቃሚ በተናገሩት እስማማለሁ፤ እኔ ደግሞ ዲስኩን ከመንካትዎ በፊት ሊደረግ የሚገባውን ልጨምር። ለጥገና ከሚመጡልኝ ማሽኖች መካከል ሊኑክስ ሲጫን የተበላሸ ሃርድዌር አይቼ አላውቅም፤ የጠፋ ፎቶና የጠፋ ሰነድ ግን በተደጋጋሚ አያለሁ። የመጫኛው ፕሮግራም ዲስኩን አጥፍቶ ለመጫን ወይስ ከዊንዶውስ ጎን ለመጫን እንደሚፈልጉ ይጠይቃል፤ ሳያነቡ «ቀጥል» የሚለውን የሚጫን ሰው የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን ዕድል እንኳ አያገኝም፤ የፈሰሰው አይለቀምም። ስለዚህ ፋይሎችዎን ወደ ውጫዊ ዲስክ ይቅዱ፤ ቀድተውም አይተዉት፤ ዲስኩን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ጥቂት ፋይሎች በትክክል መከፈታቸውን ያረጋግጡ። በዴስክቶፕና በዳውንሎድ ፎልደሮች ውስጥ ያሉት፣ እንዲሁም በብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጡት የይለፍ ቃሎችና ዕልባቶች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ።

ቀጥሎ ዲስኩ በቢትሎከር፣ ማለትም በዊንዶውስ የዲስክ ማመስጠሪያ፣ የተመሰጠረ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ። ባለቤቱ ሳያውቅ ምስጠራው በርቶ የሚገኝባቸው ላፕቶፖች አሉ። ከሆነ ባለ 48 አኃዙን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ከኮምፒውተሩ ውጭ በሆነ ቦታ ይጻፉት፤ የማስነሻ ቅንብሩ ሲነካ ዊንዶውስ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ ደግሞ በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ አይከፈትም።

ከዚያ በኋላ የሚንትን የመጫኛ ምስል፣ ማለትም ስርዓቱን በሙሉ የያዘውን አንድ ፋይል፣ ከራሱ ከሚንት ገጽ ያውርዱ። የፋይሉን የማረጋገጫ አኃዝ ገጹ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ፤ ተቋርጦ የወረደ ምስል በኋላ ምክንያቱ የማይታወቅ ስሕተት ያመጣል። ምስሉን ሩፉስ ወይም ባሌና ኤቸር በተባለው ፕሮግራም አማካይነት በፍላሽ ላይ ይጻፉት፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ እንደ አምራቹ ኤፍ12ን፣ ኤፍ9ን ወይም ኢስኬፕን ተጭነው ከፍላሹ እንዲነሣ ያድርጉ። ሚንት ምንም ሳይጫን በዚያው ከፍላሹ ላይ ይሠራል። በዚህ ሁኔታ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ የስክሪኑን ብርሃን ማስተካከያ፣ ብሉቱዙንና ማተሚያውን አንድ በአንድ ይሞክሩ። ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱት ከእንቅልፉ በትክክል መንቃቱንም ይፈትሹ፤ ይህን የሚሞክር ሰው ጥቂት ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ግን በየቀኑ የሚያናድደው ይሄው ነው። ከፍላሽ ሲሠራ ዘገምተኛ መሆኑ አያሳስብዎት፤ ከኤስኤስዲው ላይ ሲነሣ ፍጥነቱ ሌላ ነው።

ሰርቨር ጠባቂ

ሁለቱን ስርዓቶች ጎን ለጎን ስለማስቀመጥ የተጠየቀው ገና አልተመለሰም። እኔ በአንድ ዲስክ ላይ ሁለቱን ማኖር ለጀማሪ አልመክርም። ምክንያቶቼ እነሆ። ሁለቱም ስርዓቶች የማስነሻውን ክፍል ይጋራሉ፤ አንዱ ሲሻሻል የሌላውን ቅንብር ሊነካ ይችላል። በኦገስት 2024 እ.ኤ.አ. የወጣ የዊንዶውስ የደህንነት ማሻሻያ፣ ጎን ለጎን በተጫኑ አንዳንድ ማሽኖች ላይ ሊኑክስ እንዳይነሣ አድርጎ እንደነበር ማይክሮሶፍት ራሱ አሳውቋል። እንዲሁም ዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻ የሚለው ቅንብር በርቶ እያለ ሲዘጋ በእውነት አይዘጋም፤ የስርዓቱን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያንቀላፋል። ሊኑክስ በዚህ ጊዜ የዊንዶውሱን ክፍል ማንበብ ብቻ እንጂ መጻፍ አይፈቀድለትም፤ ጀማሪው ደግሞ ዲስኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ሰዓቱም ይዛባል፤ ዊንዶውስ በማዘርቦርዱ ላይ የአካባቢውን ሰዓት ሲያስቀምጥ ሊኑክስ ዓለም አቀፉን ሰዓት ስለሚያስቀምጥ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሸጋገሩ ቁጥር ሰዓቱ በመካከላቸው ባለው ልዩነት ልክ ወደፊት ወይም ወደኋላ ይሄዳል።

ሁሉም መፍትሔ አላቸው፤ ሆኖም ከስርዓቱ ጋር ገና እየተዋወቀ ያለ ሰው እነዚህን በተጨማሪ ሊሸከም አይገባውም።

ነባር ተጠቃሚ

የዘረዘሩት ሁሉ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። የመመለሻ መንገድ የሌለው ሰው በፍርሃት ነው የሚሠራው፤ በፍርሃት የሚሠራ ሰው ደግሞ አይማርም። ላፕቶፑ ሁለተኛ ዲስክ የሚገባበት ቦታ ካለው፣ ወይም የቆየውን ዲስክ አውጥቶ አዲስ ኤስኤስዲ መግጠም ከተቻለ፣ ያለ ጥርጥር ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው፤ አሮጌው ዲስክ ሳይነካ በመሳቢያ ይቀመጣል። ይህ ካልተቻለ ፈጣን ማስነሻውን አጥፍቶ፣ ዊንዶውስ የያዘውንም ቦታ በዊንዶውስ በራሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ አሳንሶ ጎን ለጎን መጫን ተገቢ ነው። ሰዓቱ ደግሞ በአንዲት ትእዛዝ ይስተካከላል።

ሰርቨር ጠባቂ

በሁለት ዲስክ ከሆነ ተቃውሞ የለኝም።

ሒሳብ ሠራተኛ

ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ ሠንጠረዥ ላይ ስለሆነ ስለ ሊብሬኦፊስ ትንሽ ልናገር፤ ብዙዎች «ሁሉንም ይከፍታል» ብለው ያልፉታልና። ይከፍታል፤ ነገር ግን አንድን ሰነድ መክፈትና እንደነበረ አድርጎ ማሳየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ገጾች የሚዛነፉበት ዋነኛው ምክንያት ፕሮግራሙ ሳይሆን ፎንቱ ነው። ሰነዱ በካሊብሪ ወይም በካምብሪያ የተጻፈ ከሆነና እነዚህ ፎንቶች በኮምፒውተሩ ላይ ከሌሉ ስርዓቱ ሌላ ፎንት ይተካል፤ የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ መስመሮች ይሰበራሉ፤ አንድ ገጽ የነበረውም ሁለት ይሆናል። ለዚህ ሲባል ካርሊቶና ካላዲያ የተባሉ ነፃ ፎንቶች ተዘጋጅተዋል፤ የፊደሎቻቸው ስፋት በቅደም ተከተል ከካሊብሪና ከካምብሪያ ጋር እኩል ነው። ሊበሬሽን የተባሉት ፎንቶች ደግሞ ለኤሪያል፣ ለታይምስ ኒው ሮማንና ለኩሪየር ኒው ያገለግላሉ። እነዚህ መጫናቸውን ካረጋገጡ በኋላ ተራ ደብዳቤና ሪፖርት ብዙም አያስቸግርም።

ማክሮ፣ ማለትም ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ያለባቸው ሠንጠረዦች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። የሊብሬኦፊስ ሠንጠረዥ ማዘጋጃ የሆነው ካልክ በኤክሴል የተጻፉ ማክሮዎችን በከፊል ብቻ ነው የሚያስኬደው። ቀላሎቹ ይሠራሉ፤ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚነጋገሩት ወይም የራሳቸው የመሙያ ቅጽ ያላቸው ብዙ ጊዜ ይቆማሉ። ነባር ተጠቃሚ እንዳሉት ይህን ገና ዊንዶውስ ላይ ሳሉ ይፈትኑት። ማክሮዎቹን እንደገና መጻፍ ካልተቻለ ቨርቹዋልቦክስን በሊኑክሱ ላይ ጭኖ፣ በውስጡ ዊንዶውስን ለዚያ አንድ ሥራ ብቻ ማስኬድ ይቻላል፤ 8 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን ይከብደዋል እንጂ አያቅተውም። ወደ ሌላ ሰው የሚላክና መታረም የማያስፈልገው ሰነድ ከሆነ ደግሞ በፒዲኤፍ ይላኩ።

የፊደል ወዳጅ

በአማርኛ መጻፍን በተመለከተ ጠያቂው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰውት አልፈዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ይመስለኛል። ጉዳዩ ሁለት ገጽታ አለው፤ ወደፊት የሚጽፉትና እስከ ዛሬ የጻፉት።

ወደፊት የሚጽፉት አያስቸግርም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደሎች የሚለዩበት የጋራ መለያ) ውስጥ ስለተካተተ ሊኑክስም ሆነ ማንኛውም ዘመናዊ ስርዓት ያነበዋል። አይባስ የተባለውን የመጻፊያ ስልት ከነተጨማሪ ጥቅሎቹ ጭነው አማርኛን ከዝርዝሩ ውስጥ ሲመርጡ ሴራ የተባለውን አጻጻፍ ያገኛሉ፤ በላቲን ፊደል እንደ ድምፁ ሲጽፉ ወደ ግእዝ ፊደል ይለውጠዋል። ትንሹና ትልቁ የላቲን ፊደል ልዩነት እንዳላቸው ልብ ይበሉ፤ ትንሹ ‹ቲ› ‹ት›ን ሲሰጥ ትልቁ ‹ቲ› ‹ጥ›ን ይሰጣል። ኪማን የተባለውም ፕሮግራም ለሊኑክስ አለ፤ በዊንዶውስ ላይ እሱን ከለመዱ እጅዎ እንግዳ አይሆንም። ለማንበቢያና ለማተሚያ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

የሚያሳስበኝ እስከ ዛሬ የተጻፈው ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግእዝ ሶፍትዌሮች የተጻፉ ሰነዶች በእውነት የግእዝ ፊደል የላቸውም። በፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሲሆን፣ የግእዝ መልክ የሚሰጠው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዱ ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ሊኑክስ አማርኛ አይችልም ብለው ይደመድማሉ፤ ይኸው ሰነድ ግን ፎንቱ ያልተጫነበት ዊንዶውስ ላይም እንዲሁ ነው የሚሆነው። እንዲህ ያሉ ሰነዶች ካሉዎት አሁኑኑ፣ ፎንቶቹም ፕሮግራሙም በእጅዎ ሳሉ፣ እያንዳንዱን ከፍተው በፒዲኤፍ ያስቀምጡት፤ ወደፊት የሚያርሟቸውን ደግሞ ወደ ዩኒኮድ ይለውጧቸው። የፎንት ፋይሎቹንም ይቅዱ፤ ብዙውን ጊዜ በሊኑክስ ላይ ሲጫኑ ይሠራሉ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ዊንዶውሱ ከጠፋ በኋላ ግን እጥፍ ይሆናል።

ጀማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ የፎንቱን ነገር ባላውቅ ኖሮ አደጋ ላይ እወድቅ ነበር፤ ጥቂት የማይባሉ የቆዩ ሰነዶች አሉኝ። እነሱን ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ጀምሬአለሁ፤ በሊብሬኦፊስም መጻፍ ለምጃለሁ። ለሊኑክስ የሚሆን ሌላ ኤስኤስዲም አዘጋጅቻለሁ።

ከፍላሹ አስነሥቼ ስሞክር ድምፁ፣ ካሜራውና ማተሚያው ሠሩ፤ ከእንቅልፉም ይነቃል። ዋይፋዩ ግን ጭራሽ አይታይም። በተጨማሪም ሲ ድራይቭን አጣሁት፤ ፋይሎቹ የት እንዳሉ ለማወቅ ተቸግሬ ነበር። ፕሮግራም ለመጫንም እንደ ዊንዶውስ ከድረ ገጽ አውርጄ ልክፈተው ብል እምቢ አለኝ።

ጥገና ሠራተኛ

ዋይፋዩን በተመለከተ፣ ካርዱ የብሮድኮም ሳይሆን አይቀርም፤ ለአንዳንዶቹ የብሮድኮም ካርዶች የሚያስፈልገው ድራይቨር፣ ማለትም ስርዓቱን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ አብሮ ተጭኖ አይመጣም። ድራይቨሩን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ከዚህ ቀለበት የሚያወጣዎት ስልክዎ ነው። በዩኤስቢ ገመድ ካገናኙት በኋላ ኢንተርኔቱን በገመዱ እንዲያጋራ ያድርጉ፤ ሚንት እንደ ኬብል ግንኙነት ያየዋል። ከዚያ የድራይቨር ማስተዳደሪያውን ሲከፍቱ የሚመክርዎትን ይጫኑ። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያላቸውም ሰዎች ድራይቨሩን ከዚሁ ቦታ ነው የሚያገኙት፤ ከአምራቹ ድረ ገጽ ማውረድ አያስፈልግም።

ሰርቨር ጠባቂ

ስለ ድራይቮቹ እኔ ልመልስ። በሊኑክስ ሲ ወይም ዲ የሚባል ድራይቭ የለም። ሁሉም ነገር ከአንድ ሥር ይጀምራል፤ ሥሩም በአንዲት ያዘመመች መስመር ይወከላል። የእርስዎ ሰነዶች፣ ፎቶዎችና የፕሮግራሞችዎ የግል ቅንብሮች ሁሉ ‹ሆም› በተባለው ፎልደር ውስጥ በስምዎ በተከፈተው ክፍል ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ውጭ ያለው በአብዛኛው የስርዓቱ ንብረት ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይለውጡትም። ፍላሽ ወይም ሌላ ዲስክ ሲሰኩ አዲስ ፊደል አይሰጠውም፤ በዚያው ዛፍ ላይ እንደ አንድ ቅርንጫፍ ይቀጠላል፤ የፋይል መስኮቱም በግራ በኩል ያሳየዎታል። በስም አጻጻፍ ረገድም ይጠንቀቁ፤ በላቲን ፊደል በተጻፈ የፋይል ስም ውስጥ ትልቁና ትንሹ ፊደል ለሊኑክስ የተለያዩ ስለሆኑ፣ በዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ፋይሎች ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ።

የፕሮግራም አጫጫኑ ከሁሉ ይበልጥ የተለየው ነገር ይመስለኛል፤ ስለዚህ ጥቂት ላብራራው። በዊንዶውስ የለመድነው ፕሮግራሙን ከየአምራቹ ገጽ ፈልጎ ማውረድና መጫን ነው፤ እያንዳንዱም ፕሮግራም ራሱን በራሱ ያሻሽላል። በሊኑክስ ሥርጭቱ ራሱ በዲጂታል ፊርማ የተረጋገጡ ፕሮግራሞች የሚገኙበት ማከማቻ አለው። እርስዎ የሶፍትዌር ማስተዳደሪያውን ከፍተው ስሙን ይፈልጋሉ፤ ይጫናሉ፤ ከዚያ በኋላ ስርዓቱም ፕሮግራሞቹም በአንድ ማሻሻያ አብረው ይታደሳሉ። ዊንዶውስ ላይ ያወረዱት የመጫኛ ፋይል ለዊንዶውስ የተዘጋጀ ስለሆነ አይከፈትም፤ ዋይን የተባለው ፕሮግራም አንዳንዶቹን ያስኬዳል፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ወደ እሱ አይሩጡ። ማከማቻው ውስጥ የሌለ ነገር ሲያጋጥምዎ በዚያው መስኮት ፍላትፓክ የሚል ምልክት ያለባቸውን ይመልከቱ፤ ትንሽ ሰፋ ያለ የዲስክ ቦታ ይይዛሉ እንጂ አዳዲስ እትሞችን ያቀርባሉ።

ሲጭኑ የይለፍ ቃልዎን ይጠየቃሉ። ይህ እንቅፋት አይደለም፤ ስርዓቱን የሚነካ ሥራ ሊሠራ መሆኑን ማሳወቂያ ነው። ሳይጠብቁ፣ ምንም ሳይነኩ ቢጠየቁ ግን አይስጡ።

ጀማሪ

ጥቁሩን መስኮት በተመለከተስ? አንዳንድ መመሪያዎች ሁሉንም ነገር በትእዛዝ ነው የሚያስረዱት። አንዱን ስሞክር የይለፍ ቃሌን ስጽፍ ምንም አልታየኝም፤ ቁልፍ ሰሌዳው የቆመ መስሎኝ ዘጋሁት።

ነባር ተጠቃሚ

ተርሚናል በሚባለው በዚያ ጥቁር መስኮት ላይ የይለፍ ቃል ሲጻፍ ነጥብም ሆነ ኮከብ ላይታይ ይችላል፤ ርዝመቱ እንኳ ለተመልካች እንዳይታወቅ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ጽፈው ኢንተርን ይጫኑ፤ ይቀበልዎታል።

ለተራ ሥራ ተርሚናል መማር አያስፈልግዎትም፤ ሚንት ላይ ማሻሻል፣ መጫን፣ ማተሚያ ማገናኘትና ቋንቋ መቀየር ሁሉ በመስኮት ይሠራሉ። ታዲያ መመሪያዎቹ ለምን በትእዛዝ ያስረዳሉ ቢሉ፣ ለጸሐፊው ስለሚቀለው ነው። የመስኮቱ ገጽታ ከሥርጭት ሥርጭት ይለያያል፤ ትእዛዙ ግን በኡቡንቱም በሚንትም በብዛት ያው ነው፤ አንዲት መስመር ደግሞ የብዙ ምስሎችን ቦታ ትተካለች። ችግሩ አንባቢው የማያውቀውን መስመር ቀድቶ መለጠፉ ላይ ነው። ሱዶ በሚል ቃል የሚጀምር ትእዛዝ በስርዓቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ነው የሚሠራው፤ የሚለጠፈው ነገር ምን እንደሚያደርግ ካልተረዱ ይጠይቁ። መመሪያው የተጻፈበትን ዓመትና ለየትኛው እትም እንደሆነም ይመልከቱ፤ ለአሮጌ እትም የተጻፈ መመሪያ አዲሱን ስርዓት የሚያበላሽበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጀማሪ

ዋይፋዩ በስልኩ ዘዴ ተስተካከለ። ሚንትን አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ጫንኩት፤ የቀድሞው ዲስክ ሳይነካ ተቀምጧል። አማርኛውም በሴራ ይጻፋል። ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ቀሩኝ። ሚንት ታይምሺፍት የሚባለውን እንዳስጀምር ይመክረኛል፤ እሱን ካስጀመርኩ በውጫዊው ዲስክ ላይ ያለውን መጠባበቂያ ማደስ ማቆም እችላለሁ? ሲጫን ዲስኩን ላመስጥር እንደሆነ ጠይቆኝ አልፌዋለሁ፤ አሁን ማድረግ ይቻላል?

ሰርቨር ጠባቂ

መጠባበቂያውን ማደስ ማቆም አይችሉም። ታይምሺፍት የስርዓቱን ሁኔታ እንጂ የእርስዎን ሰነዶች እንዲያስቀምጥ ተደርጎ አልተቃኘም። ማሻሻያ ሲጭኑ የሆነ ነገር ቢበላሽ ስርዓቱን ወደ ትናንት ይመልስልዎታል፤ ሰነዶችዎ ግን በመደበኛ ቅንብሩ ከሱ ውጭ ናቸው፤ ዲስኩ ቢሞት ደግሞ እዚያው ዲስክ ላይ ያለው ቅጂ አብሮ ይሞታል። ታይምሺፍትን ያስጀምሩ፤ ብዙ ቦታ እንዳይፈጅ የሚይዛቸውን ቅጂዎች ቁጥር ይገድቡ፤ የሰነዶችዎን መጠባበቂያ በውጫዊው ዲስክ ላይ እንደ በፊቱ ይቀጥሉ።

ሙሉውን ዲስክ ማመስጠር በዋናነት በመጫን ጊዜ የሚደረግ ሥራ ነው። ገና ብዙ ስላልሠሩበት እንደገና ይጫኑትና ሲጠይቅዎ ምስጠራውን ይምረጡ፤ ላፕቶፕ ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው እኔ እመክረዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን በሆም ፎልደርዎ ውስጥ ያለውን ወደ ውጫዊው ዲስክ ይቅዱ፤ የምስጠራውንም ቃል በወረቀት ጽፈው ከላፕቶፑ ተለይቶ በሚቀመጥ ቦታ ያኑሩት። ቃሉ ከጠፋ እንደ ቢትሎከር በማይክሮሶፍት አካውንት ላይ የተቀመጠ ተጠባባቂ ቁልፍ የለም።

ጀማሪ

ገባኝ። የቀድሞው ዲስክ እንዳይነካ ከማሽኑ አውጥቼው ሚንትን እንደገና እጭናለሁ።